ግማሹ ያለቀ ቱቦ

ጀውሃ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለሙጂብ፣
ጅቡቲ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላህ። እንደምን ከርመሃል? የባሕሩ ወበቅ እንዴት ይዞሃል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሐያትም ፍየሎቹም ደህና ናቸው፤ ምግብ ቤቱም እንደ ወትሮው ሹፌር አይጠፋበትም። ለእናትህ፣ አላህ ይማራትና፣ በሙት ዓመቷ ሰደቃ አውጥቻለሁ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ሰይፉ ነው። ያ ረጅሙ፣ ማዳበሪያ የሚጭነው፣ ሁለት ሰሃን ሩዝ ጨርሶ «ዛሬ ምግብ አልበላ አለኝ» የሚለው። ለምን እንዳልደወልኩልህ ታውቃለህ። ቤቴ ከጠዋት እስከ ማታ ሰው ነው፤ እኔ ስልክ ሳነሳ ጀውሃ በሙሉ ምሳውን ትቶ ያዳምጣል። እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማርኩት ለዚህ ቀን ሳይሆን አይቀርም።

ትልቁን ወሬ ልንገርህ። ልጄ ሐያት ልትዳር ነው። ልጁ አንዋር ይባላል፣ የማጀቴ ልጅ፣ ማሾ ነጋዴ ነው፤ ጨዋ ነው። ኒካሁ ከኢድ በኋላ ነው ኢንሻአላህ። ከዚያ በፊት እናቱ መሊካ ቤቴን ልታይ ትመጣለች። እንደምታውቀው በእኛ ቤተሰብ ሁለቱ እናቶች ከአንድ ትሪ በልተው ካልተነሡ ነገሩ አለቀ አይባልም። አንደኛዋ «ጠግቤያለሁ» ካለች ማንም ምክንያቷን አይጠይቃትም፤ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል።

አንድ ትንሽ ነገር ላስቸግርህ። ክርኔ ላይ የሚያሳክክ ነገር ወጥቶብኛል። ሻካራ ነው፣ ነጭ ቅርፊት ይረግፋል። አንተ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ የሚሆን ቅባት ካለ ላክልኝ። ቀላል ነገር ነው፤ አታስብ።

ፎቶህንስ ላክ ብዬ ስንት ጊዜ ልለምንህ? ሄደህ በዓመቱ ለኢድ ብቅ ካልክ ወዲህ ስድስት ዓመት ፊትህን አላየሁም። አንድ ቀን መንገደኛ መስለኸኝ የምሳ ሒሳብ እንዳልጠይቅህ።

አላህ በሰላም ያኑርህ።
አክስትህ ሩቂያ

*

ጅቡቲ፣ ጥቅምት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎት አክስቴ፣

ወዐለይኩም ሰላም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ። ዱዓዎ ደርሶኝ ደህና ነኝ። የሐያትን ወሬ ሳነብ ከመጋዘኑ ወጥቼ ለሠራተኛው ሁሉ ነገርኩ። ከልጅነታችን ጀምሮ እርስዎ እንዴት እንዳሳደጉን አውቃለሁ፤ አላህ ደስታውን አብሮ ያሳየን።

ሰይፉ የሚሰጥዎት ቱቦ ጥሩ መድኃኒት ነው። የጻፉልኝን ሳነብ ሶሪያሲስ የሚባለው መሰለኝ። ክርንና ጉልበት ላይ መውጣት ይወዳል፤ ቅርፊቱ ነጭ ሆኖ ይረግፋል። የመድኃኒት ቤታችን ባለቤት ፈይሩዝ ስለዚህ ነገር ብዙ አስተምራኛለች። ቅባቱ ጠንካራ ነው። ክርንዎ ላይ ጠዋትና ማታ ስስ አድርገው ይቀቡ፤ ከሁለት ሳምንት አይለፍ።

ፎቶ ልኬያለሁ። ሥራ ስለሚበዛብኝ አዲስ ለመነሣት አልተመቸኝም።

ልጅዎ ሙጂብ

*

ጀውሃ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሙጂቤ፣

ሰላምህ ይብዛ። እጅህ ይባረክ። መድኃኒትህ ተአምር ነው። በአምስት ቀን ክርኔ የሕፃን ክርን ሆነ፤ ሐያት ደጋግማ እያየች ሳቀች። ሌላ አንድ ላክልኝ፤ ከሠርጉ በፊት እንዳያልቅብኝ።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። ቱቦው ግማሹ ያለቀ ነው። ጭራው እንደ ጥርስ ሳሙና ተጠቅልሏል። ጅቡቲ መድኃኒት በግማሽ ነው እንዴ የሚሸጠው? ወይስ ሰይፉ መንገድ ላይ በዳቦ ቀብቶ በላው?

ፎቶውም እንደ ቱቦው ነው። ይህን ሸሚዝ ሸዋ ሮቢት ገበያ የገዛሁልህ እኔ ነኝ፤ አንተ ስትሄድ ለብሰኸው ነበር። ሰባት ዓመት ያለፈውን ፎቶ የምትልክልኝ እኔን ማታለል ቀላል መስሎህ ነው? አዲስ ላክ፤ ኮፍያህንም አውልቀህ ተነሣ። ሰይፉ እዚያ ሲያገኝህ ኮፍያህ ቅንድብህ ላይ ደርሶ እንደነበር ነግሮኛል።

አክስትህ ሩቂያ

*

ጅቡቲ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎት አክስቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ጤናዎን አብዝቼ እጠይቃለሁ። ዛሬ የምጽፈው ቢያስቀይምዎት ይቅር ይበሉኝ።

ሁለተኛ ቱቦ አልላክሁም። ሰይፉን ስለ እርስዎ ጠየቅኩት። መጀመሪያ «ደህና ናቸው» አለኝ። ደግሜ ስጠይቀው እውነቱን ነገረኝ። ከጥቅምት ጀምሮ ወደ ጠረጴዛዎቹ አይወጡም አሉ። ማዕድ ቤት ውስጥ ኒቃብ ለብሰው ይቀመጣሉ፤ ሻዩንም ምግቡንም የምታቀርበው ሐያት ናት። እኔ የማውቃት አክስቴ ሹፌሩን ሁሉ በጫነው ዕቃ ስም እየጠራች፣ «ብረቱ፣ ቁጭ በል፤ ስኳሩ፣ እጅህን ታጠብ» እያለች ቤቱን የምትሞላ ሴት ናት። እሷ ማዕድ ቤት ተደብቃ ከተቀመጠች ለክርን ብላ አይደለም።

አክስቴ፣ እባክዎ እውነቱን ይንገሩኝ። ቅባቱን ፊትዎ ላይ ነው የቀቡት? ከሆነ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ክርን ያሉኝን ይዤ ነው የላክሁት፤ ፊት ቢሉኝ ያንን አልልክም ነበር።

ልጅዎ ሙጂብ

*

ጀውሃ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሙጂብ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። ሁለት ወር ዝም ብዬሃለሁ። መጀመሪያ ተቆጣሁህ፤ ከዚያ ሰይፉን ተቆጣሁት፤ አንድ ሳምንት ሙሉ ሩዙን ያለ ሥጋ አቀረብኩለት። በመጨረሻ የምቆጣው ሰው ሲያልቅብኝ እኔው ቀረሁ።

ዋሽቼሃለሁ። ፊቴ ነው።

ካቻምና ክረምት ላይ ከፀጉሬ መስመር ጀመረኝ። ከዚያ ወደ ግንባሬ ወረደ፣ ቅንድቤን ያዘ፣ ከጆሮዬ ኋላ ዞሮ ወደ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። እንደ እኔ ጠይም ላልሆነ ሰው ቀይ ነው አሉ፤ በእኔ ፊት ላይ ግን ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ጥቁር ነው፣ ጠርዙ በእርሳስ የተሰመረ ያህል ይለያል፣ በላዩም ስስ ቅርፊት አለው። ፀጉሬ ውስጥ ያለው ወፍራም ነው፤ የፊቴ ስስ ነው። ላብ ሲነካው ያቃጥላል፤ የጀውሃ ሙቀት ደግሞ መቼ ከላብ ያርፋል።

ጎረቤቴ ከበቡሽ እሬት ሰጠችኝ፣ ጠበልም አመጣችልኝ። ሼኹም ቁርኣን ቀሩብኝ፤ ቀርተው ሲጨርሱ ሐኪም ዘንድ ሂጂ አሉኝ። ምክራቸውን ግን አልሰማሁም። አንድ ቀን የማውቀው ሹፌር፣ አሥር ዓመት ከእጄ የበላ ሰው፣ ያቀረብኩለትን ሻይ ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ሐያትን ሌላ አምጪልኝ አላት። በማግሥቱ ኒቃብ ገዛሁ። ለዲኔ ብዬ ለብሼው ቢሆን ደስ ባለኝ። ከሰው ለመደበቅ ብዬ ነው የለበስኩት፤ ያሳፈረኝም እሱ ነው።

አንተ የላክኸውን ፊቴ ላይ ቀባሁ። በአምስት ቀን ሲጠራልኝ አለቀስኩ። ሁለት ሳምንት ያልከውን አልረሳሁትም። ለሠርጉ እንዳይመለስብኝ ብዬ ቅባቱን አላቆምኩም፣ ኒቃቡንም አላወለቅኩም፤ ሲያልቅ ደግሞ መሳዩን ከገበያ ገዛሁ። ጥር ላይ ሳቆመው ከበፊቱ ብሶ መጣ። ቆዳዬ ሳሳ፣ ደም ሥሩ በላዩ ይታያል፣ በአፌ ዙሪያ ብጉር ፈላብኝ። ያን ጊዜ ነው ኩራቴ ያለቀው። ሐያት ጎትታ ደብረ ብርሃን ወሰደችኝ። ብርዱን አትጠይቀኝ።

የቆዳ ሐኪሟ ሐና የምትባል ወጣት ናት። ኒቃቤን ስገልጥ ወደ ኋላ ትላለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ወንበሯን ስባ ቀረበችኝና ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችው፤ ጓንት አላደረገችም። ሙጂብ፣ በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ፊቴን የነካ ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ናት። ምን እንዳለችኝ ለትንሽ ጊዜ አልሰማሁም።

ከዚያ ራሴን ፈትሻ፣ ክርኔን፣ ጉልበቴን፣ እምብርቴን አየች። ክርኔ ላይ የምስር ክክ የምታህል አገኘች፤ እንግዲህ ሙሉ በሙሉ አልዋሸሁህም። ጥፍሬ ላይ በመርፌ ጫፍ የተወጋ የመሰሉ ጉድጓዶች አሳየችኝ። ጠዋት ስነሣ ጣቶቼና ጉልበቴ ይተሳሰሩብኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ አይደለም አልኳት። ከተሳሰሩ ቶሎ ነይ አለችኝ፤ በሽታው መገጣጠሚያም ይይዛል። ከቆዳ ወደ ቆዳ አይተላለፍም፤ በመብልም በመጠጥም አይተላለፍም። የሰውነቴ መከላከያ ነው ተሳስቶ ቆዳዬን የሚያጣድፈው፤ ሌላው ሰው በወር የሚያድሰውን ቆዳ እኔ በጥቂት ቀን አድሳለሁ። የፊት ቆዳ ስስ ስለሆነ ለክርን የሚሆን ቅባት ለእሱ አይሆንም። ለጥቂት ቀን የሚሆን ለስላሳ ቅባት ሰጠችኝ፣ ከእሱ በኋላ የምቀጥለው ሌላ ዓይነት ቅባት ጨመረችልኝ፣ ቫዝሊንም አዘዘችልኝ። «ጨርሶ ላይጠፋ ይችላል፤ ግን ይያዛል» አለችኝ። እንዲህ በግልጽ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ወደድኳት።

ከቤተሰብ ማን አለበት ብላም ጠየቀችኝ። ማንም የለም አልኳት።

መሊካ ከኢድ በኋላ ትመጣለች። የሚያውቀው ሁሉ ፀሐይ መታኝ በያት ይለኛል። አንተስ ምን ትለኛለህ?

አክስትህ ሩቂያ

*

ጅቡቲ፣ የካቲት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎት አክስቴ፣

ረመዳን ከሪም። አላህ ጾምዎን ይቀበልዎ።

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እንደ እርስዎ ያለ ሰው አላየሁም። እኔ ብሆን ሐኪሟ ፊት መቀመጥ አይደለም፣ እስከ ደብረ ብርሃን መኪና ውስጥ ከሰው ጎን መቀመጥ አልችልም ነበር። ዶክተሯ የነገረችዎት ሁሉ ልክ ነው፤ አንዱንም አይተዉ። ሲያሳክክዎ በጥፍርዎ አያንሡት፤ የተላጠው ቦታ ላይ ሌላ ይወጣል።

ስለ ወይዘሮ መሊካ ግን ምክሬ ሌላ ነው። አይንገሯት። ኒቃቡን እስከ ኒካሁ አያውልቁት፤ ኒቃብ የለበሰችን ሴት ማንም ለምን አይላትም። በዘር ይሄዳል የሚል ወሬ አንዴ ከተነሣ ሐያት ላይ ያርፋል። ሰው አይቶ አይረሳም፣ አክስቴ። ፊትዎን ካየ በኋላ የሚያናግረው ያንኑ ነው። ይህን በደንብ አውቀዋለሁ።

ልጅዎ ሙጂብ

*

ጀውሃ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሙጂብ፣

ሰላምና ጤና አይለይህ። ኢዱ በደህና አለፈ። ምክርህ ደርሶኝ ነበር፤ አልሰማሁትም።

መሊካ ከሁለት እህቶቿ ጋር መጣች። ሐያት በሩ ጋ ቆማ እጇን ስታፍተለትል አየኋትና ልቤ ተሰበረ፤ ለእሷ ብዬ ዝም ልበል ብዬም አስቤ ነበር። ትሪው ቀረበ፤ ሩዙ፣ የፍየሉ ሥጋ፣ ሁሉም እኔ የሠራሁት ነው። እጃችንን ታጠብን። ያን ጊዜ በኒቃብ ሥር እንዴት አድርጌ እበላለሁ ብዬ ማሰብ ጀመርኩ፤ በገዛ ቤቴ፣ በልጄ ቀን፣ የጎረስኩትን ልደብቅ። በቃኝ አልኩና አወለቅኩት።

መድኃኒቱ ብዙ አሽሎኛል፤ ግን ቅንድቤና ግንባሬ ላይ አሁንም አለ። እህቶቿ ተያዩ። እኔም ምን እንደሚባል፣ እንደማይተላለፍ፣ ሐኪም እያከመኝ እንደሆነ ነገርኳቸው። መሊካ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ በዘር ነው ወይ?

«በዘር ሊሄድ ይችላል፤ ላይሄድም ይችላል። ሐያት ላይ ዛሬ የለም። ነገም አይኖርም ብዬ ግን አልምልልሽም» አልኳት።

ቀና ብላ ፊቴን አየችው። ከዚያ መሊካ ትሪውን ወደ መካከላችን ስባ፣ በእኔ በኩል ካለው ሥጋ ቆርሳ ጎረሰች። «ብይ እንጂ፣ ቀዘቀዘ» አለችኝ። በልተን ስንጨርስ ደግሞ፣ ይህን ሳልጠይቃት የነገረችኝ ሴት ሌላውንም አትደብቀኝም ብላ ለእህቶቿ ተናገረች። ኒካሁ ግንቦት 9 ነው።

በማግሥቱ ፊቴን ገልጬ ወደ ጠረጴዛዎቹ ወጣሁ። ያ ሻዩን የገፋው ሹፌር ተቀምጦ ነበር። ሻዩን እኔው ወሰድኩለትና ምን እንደሆነ ሳይጠይቀኝ ነገርኩት። አቀርቅሮ ጠጣ። ሁለተኛም አዘዘ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ዶክተሯ ከቤተሰብ ማን አለበት ስትለኝ ማንም ያልኩት ሳላስብ ነው። ሳስብ እናትህ መጣችብኝ። ሻሿን ተኝታም አታወልቅም ነበር፤ እህቶች ሆነን ፀጉሯን ሠርቼላት አላውቅም። ከእሷ ቀጥሎ ያ ቱቦ መጣብኝ። ገና ስትልከው ግማሹ አልቆ ነበር። ሰባት ዓመት ያለፈው ፎቶ፣ ቅንድብህ ላይ የደረሰው ኮፍያ፣ ስድስት ዓመት ወደ አገር አለመምጣት፣ «ይህን በደንብ አውቀዋለሁ» ማለት። እኔ ምግብ ሻጭ ነኝ እንጂ ሞኝ አይደለሁም።

አልቆጣህም። ክርን ብዬ የጻፍኩልህ እኔው አይደለሁም? ብቻ ፎቶህን ላክልኝ፤ የዛሬውን።

አክስትህ ሩቂያ

*

ጅቡቲ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎት፣ ለምወድዎት አክስቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ።

አዎ። ቱቦው የራሴ ነበር። በሽታው እኔም ላይ አለ፤ ቱቦው እግሬ ላይ ለወጣው የምቀባው ነው። ክርኔ ሲሉኝ ሌላ እስክገዛ መጠበቅ አልቻልኩም፤ ማሳከኩን ስለማውቀው ከራሴ አንሥቼ ላክሁት።

እዚህ በመጣሁ በዓመቱ ነው የጀመረኝ፤ እንደ እርስዎ ከፀጉር መስመር፣ ከዚያ ቅንድብ፣ ከዚያ በአፍንጫዬ ግራና ቀኝ። ያን ጊዜ ባንኮኒ ላይ ነበር የምሠራው። አንዲት እናት መድኃኒት ስሰጣት ልጇን ወደ ኋላዋ ሳበችው። በዚያው ሳምንት ፈይሩዝን ለምኜ መጋዘን ገባሁ። እሷ ተመለስ ብትለኝም እንቢ አልኳት። በየዓመቱ ለኢድ እመጣለሁ ብዬ እነሣና ኮፍያዬን በመስታወት አይቼ እቀራለሁ። እናቴ ስትቀበር ያልመጣሁትም ሥራ ይዞኝ አይደለም። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

አይንገሯት ብዬ የመከርኩዎ ለሐያት ብዬ መስሎኝ ነበር። እርስዎ ኒቃቡን ያወለቁበትን ገጽ ሳነብ የፈራሁት ለራሴ እንደነበር ገባኝ። እርስዎ የልጅዎ ትዳር ትሪው ላይ ተቀምጦ እውነቱን ተናገሩ፤ እኔ የማጣው ነገር ሳይኖር ስድስት ዓመት ተደበቅኩ። አክስቴ፣ በእርስዎ እኮራለሁ። ያሳደጉኝ እርስዎ ስለሆኑ ለራሴም ትንሽ ተስፋ አለኝ።

ትናንት ወደ ባንኮኒው ተመልሻለሁ። ፈይሩዝ ወንበሬን ከመጋዘን አምጥታ አስቀመጠችልኝ።

ፎቶ አልላክሁም። ለኒካሁ ራሴ እመጣለሁ፣ ግንቦት 7 ጀውሃ ነኝ ኢንሻአላህ። ፊቴን በአካል ያዩታል፤ የምሳ ሒሳብም ቢጠይቁኝ እከፍላለሁ።

ኮፍያዬን ይህን ደብዳቤ ለሚያደርስልዎት ለሰይፉ ሰጥቼዋለሁ። ከመስጠቴ በፊት ምን እንዳለብኝ ነገርኩት፤ ኮፍያውን አውልቄም አሳየሁት። «አይተላለፍም አይደል?» አለኝ። አይተላለፍም ስለው ተቀብሎ አጠለቀው። አሁን ቀና ብለው ቢያዩት ራሱ ላይ ነው።

ልጅዎ ሙጂብ